የአክስቴ የቅዳሜ መርፌ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። የሞተ ሰው የለበትም። የታሰረ የለም፤ ያበደም የለም። ያለው አንዲት ሴት፣ አንድ የእግር ጣት፣ በሳምንት አንዴ የሚወጋ መርፌ ብቻ ነው። ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሳወራላት "ታዲያ ይኼ ምኑ ያስለቅሳል?" ብላኛለች። ቢሆንም ሳልጽፈው ትንሽ ነገር ነው ብዬ መተው አልቻልኩም፤ ጽፌው ትንሽ ሆኖ ከተገኘ ያኔ እተወዋለሁ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ናይሮቢ የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አላት፤ የምትኖረው ሳውዝ ሲ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ለትምህርት ስመጣ ለዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው ካሳራኒ ስለሆነ እዚያ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተከራየሁ። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኘኝ ምክሯ አጭር ነበር፤ "አክስትሽን አታስቀይሚ፤ እዚያ አገር ከእሷ ሌላ ሰው የለሽም።" እኔ በተፈጥሮዬ ሰው ማስቀየም ስለማልችል፣ ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ተሳፈርኩ።

አክስቴ ስኳር አለባት። እኔ በመጣሁበት ሰሞን ከቀኝ እግሯ ትንሿ ጣት ጎን ጫማ የላጠው ቁስል ነበር። የምስር ፍሬ ያህላል። ግን አይድንም። ይደርቅና እንደገና ይከፈታል። አክስቴ ቀኑን ሙሉ ማድ ቤትና ገንዘብ መቀበያው መሀል ቆማ ስለምትውል፣ ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ አብራ የምታወልቀው ቆዳ አይጠፋም። የእሷና የእናቴ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ብዙም ሳይቆይ ነው የሞተው። ስለ እሱ አታወራም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቁስሏን በጨው ውሃ ሳጥብላት፣ ወደ ታች እያየች "ከጣት ነው የሚጀምረው" አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጣት የሚፈራውን ነገር ሁለታችንም በራሳችን አፍ ዳግመኛ አልጠራነውም፤ ግን ሁለታችንም ሌላ ነገር አናስብም ነበር።

ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት የሄድኩት ለማስተርጎም ነው። አክስቴ ስዋሂሊ እንደ ውሃ ትጠጣለች፤ እንግሊዝኛ ግን፣ በተለይ የሐኪም እንግሊዝኛ፣ ያደክማታል። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ኬንያዊ ነው፤ ስለ በሽታ ሲያስረዳ ግን ስዋሂሊውን ትቶ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል። ክኒኑ ብቻውን ስኳሯን እንዳላወረደው፣ ክብደቷም እንደጨመረ አሳያትና በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መርፌ አዘዘ። "ስኳሩ ወርዶ ከቆየ ቁስሉ የመዳን ዕድል አለው" አለ። "ካልወረደ ጣቱን ልናጣው እንችላለን።" ይህን ስተረጉምላት አንድም ቃል አላለሰለስኩም። ማለስለስ ነበረብኝ ይሆን እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

"እንግዲህ አንድ ቀን ትምረጥ፤ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ይሁን" አለ።

"ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው" አለች አክስቴ በአማርኛ።

"መርፌ እኮ ምግብ አይደለም፣ አክስትዬ።"

"እሱን ለንስሐ አባቴ ትነግሪያቸዋለሽ። እሁድ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቆርቤ ወጥቼ ደም ላፍስ?"

"ሰኞስ?"

"ሰኞ ሥጋ የሚገባበት ቀን ነው፤ በግርግር መሀል ልወጋ ነው?"

ሐኪሙ ከእሷ ወደ እኔ ተመለከተ። "ምን አለች?"

"እያሰበች ነው" አልኩት።

ቅዳሜ ሆነ። ከሰዓት በኋላ፣ የምሳ ሰው ካለቀ በኋላ።

ነርሷ እስክሪብቶ የመሰለውን መርፌ አውጥታ በደንብ አሳየችን። እጅ በሳሙና ይታጠባል። በመስኮቱ ፈሳሹ ይታያል፤ እንደ ውሃ የጠራ ካልሆነ አይወሰድም። ጫፉ ላይ የምትገጠመው ቀጭን መርፌ በየጊዜው አዲስ ናት። አዲስ እስክሪብቶ ሲጀመር ጠብታ ማውጣቱ ይሞከራል። የሚወጋው ሆድ ላይ ከእምብርት ራቅ ብሎ፣ ወይም ጭን ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ቦታው ይቀያየራል። ቁልፉ እስከ መጨረሻው ተጭኖ፣ ቀስ ብሎ ተቆጥሮ ነው መርፌው የሚወጣው። ያገለገለችው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ትገባለች እንጂ ቆሻሻ ላይ አትጣልም። እስክሪብቶው ለሌላ ሰው አይዋስም፤ መርፌው ቢቀየርም እንኳ። ያልተጀመረው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ ግን በረዶ እንዳይሠራ። በረዶ ከሠራ ቀልጦ ቢጠራም ይጣላል።

የመጨረሻውንም ተርጉሜያለሁ። አክስቴ ራሷን ነቅንቃ "እሺ" ብላለች። ይህን የምጽፈው ወደ ፊት ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ራሷን እንድትወጋ ነበር ነርሷ የፈለገችው። አክስቴ ግን የፈላ ዘይት የማትፈራ ሴት መርፌ ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ስለዚህ በየቅዳሜው ከካሳራኒ በማታቱ፣ በናይሮቢዎቹ ሚኒባስ፣ ከተማ እየወረድኩ፣ ከዚያ ሌላ ይዤ ሳውዝ ሲ እየደረስኩ የምወጋት እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያው ቀን ነርሷ ያለችውን አንድ በአንድ እየደገምኩ ወጋኋት።

"ገባ?" አለች የቀሚሷን ጫፍ ነክሳ።

"ወጥቷል እኮ።"

"አትዋሺ!"

"ይኸው፣ እዪው።"

ዞራ አየች፤ ሆዷን ዳሰሰች። "በዚህ ነው እንዴ ስፈራ የነበረው?" ብላ ሳቀች። በዚያ ቀን ቤቷን ሙሉ በሙሉ የከፈተችልኝ መሰለኝ። ምሳ አቀረበችልኝ፤ "የኔ ሐኪም" ብላ ጠራችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሷ የእህቷ ልጅ ብቻ ነበርኩ።

መርፌው ሠራ። መጀመሪያ አቅለሸለሻት፤ ሐኪሙ እንደሚያልፍ ነግሮን ነበርና አለፈ። ትሪ ሙሉ የሚቀርብላት ሴት በጭልፋ አንድ ጊዜ ቀድታ "በቃኝ" ማለት ጀመረች። እኔ በየቅዳሜው ስመጣ ቁስሉን በስልኬ ብርሃን አየዋለሁ፤ ዙሪያው ሮዝ ቆዳ እያበጀ እየጠበበ ሄደ። ስኳሯ ወረደ። ሐኪሙ መጠኑን ከፍ አድርጎ ሌላ እስክሪብቶ አዘዘ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ከፋርማሲ ስለሚጠፋ የሚቀጥሉትን ወራት ጭምር አንድ ላይ ገዛች። እነዚያን ሳጥኖች በማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእንቁላሉ በታች የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።

ችግሩ የመጣው ከመክሳቷ ነው።

በእኛ ዘንድ የወፈረን ሰው ማንም ታመምክ ወይ ብሎ አይጠይቅም። የከሳ ሰው ግን መልስ መስጠት አለበት። ወይ ታሟል፣ ወይ ከስሯል፣ ወይ የደበቀው ነገር አለ። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶቹ ክንዷን ይዘው ይለኳት ጀመር። "ምነው ከሳሽ?" "ምነው አንገትሽ?" "እንቅልፍ የለሽም እንዴ?" ምግብ ቤት የሚመጡ ደንበኞች ጭምር ቀልድ አወጡ። አንዱ፣ የአየር መንገድ ሠራተኛ የሆነ፣ ሒሳብ ሲከፍል "ባለቤቷ የማትበላውን እኛ እየበላን ነው እኮ" አለ፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። ማድ ቤት ከገባች በኋላ ግን ፊቷን በጨርቅ ስትጠርግ አየኋት።

"ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት። "ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒት ጀምሬ ነው በያቸው።"

"አበድሽ? በሽተኛ የሠራውን ማን ይበላል? ደግሞ ስኳር ነው ብላቸው ያምኑኛል? የከሳ ሰው ምን እንደሚባል አንቺ አታውቂም። እኔ እዚህ አገር ስንት ሰው በሐሜት ሲቀበር አይቻለሁ።"

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቋት የቅርብ ጓደኛዋ ነበሩ፤ አብረው ማኅበር የሚጠጡ ጨርቅ ነጋዴ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው የሚያስተጋባ፣ ሲስቁ የሚያምሩ ሴት ናቸው። አንድ ቅዳሜ ሳሎን ገብተው እኔ እያለሁ "ጉንጭሽን የት ጣልሽው?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የኔ እህት፣ ያለብሽን ነገር ከእኔ አትደብቂ። እኔ ለማንም አልናገር" አሏት።

"ምንም የለብኝም" አለች አክስቴ።

"ምንም የሌለበት ሰውማ አገጩ አይሾልም።"

ጥር ላይ የማኅበሩ ተራ የአክስቴ ሆነ። እኔ ፈተና ስለነበረኝ በዚያ ሳምንት አልነበርኩም፤ ግን ማኅበር ሲሆን ቤቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ሴቶቹ እንግዳ አይደሉም። ከበር ሲገቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀጥታ ማድ ቤት ነው። አንዷ ታማስላለች፣ አንዷ ትከትፋለች፤ ማቀዝቀዣው "ቅቤው የታለ?" እየተባለ ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል። በሰው ቤት ማቀዝቀዣ መክፈት የመቀራረብ ምልክት ነው፤ አትክፈቱ ማለት ደግሞ ውጡልኝ ከማለት አይተናነስም።

ከዚያ ማኅበር በኋላ በቀጣዩ ቅዳሜ ስመጣ መርፌው ሳህን ላይ፣ በናፕኪን ተሸፍኖ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጠበቀኝ።

"አወጣሽው?" አልኳት።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ቀዝቃዛው ያማል፣ ቀደም ብሎ ይውጣ ያልሽው?"

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። ነርሷም ብላለች። በመስኮቱ አየሁት፤ የጠራ ነው። ወጋኋት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ፣ ከዚያም በኋላ በነበሩት ሁሉ መርፌው ሳህን ላይ ይጠብቀኛል። አክስቴ በጥንቃቄ መያዝ በመጀመሯ ደስ ብሎኝ "ጎበዝ" ብያታለሁ።

ከዚያ የምግብ ፍላጎቷ ተመለሰ። መጀመሪያ በትንሹ፣ በኋላ እንደ ድሮው። ቀሚሶቿ እንደገና ጠበቡ። ጉንጯ ሞላ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያ ሁሉ ክንድ የሚለካ ሰው አሁን እልል ሊል ምንም አልቀረው። "ተመስገን! ፊትሽ ተመለሰ!" "አሁን እኮ ሰው መሰልሽ!" ጓደኛዋ አቅፈው ሁለት ጉንጯን እየሳሙ "የጸለይኩት ጸሎት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልሽ" አሏት። የሚያመሰግኑት መድኃኒቱ መሥራት ማቆሙን ነበር። አክስቴ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት አየኋት፤ በሰው መሀል ስትሄድ ቀና ትላለች።

እኔ ግን ካልሲዋን ሳወልቅ የማየው ሌላ ነው። ሮዝ የነበረው ዙሪያ ገረጣ፤ ቀጥሎ ጠቆረ። መሀሉ እንደገና ይረጥባል።

"አክስትዬ፣ ይኼ ነገር ደስ አላለኝም። ሐኪሙ ጋ እንሂድ።"

"ጾም ይግባና እንሄዳለን።"

ጾም ገባ። "ጾም ስይዝ ደካማ ነኝ" አለች። እንደምንም አስጨንቄ ወሰድኳት። ስኳሯ መርፌ ከመጀመሯ በፊት ወደነበረበት ተመልሷል። ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና ወደ እኔ ዞረ፤ እንዴት እንደምወጋ እንዳሳየው ጠየቀኝ። በመለማመጃው ላይ ከእጅ መታጠቡ ጀምሬ አሳየሁት። "ትክክል ነው" አለ። አክስቴ በዚያ መሀል በስዋሂሊ፣ እኔ ሳልተረጉም፣ "ምን ይደረግ፣ ገና ተማሪ ናት" አለችው። ፈገግ ብላ ነው ያለችው፤ እንደሚቀልድ ሰው።

"መድኃኒቱን የት ነው የምታስቀምጪው?" አላት።

"እንደተባልኩት" አለች።

ለቁስሉ ሌላ መድኃኒት ሰጥቶ በወሩ እንድንመለስ ነገረን። በሁለተኛው ቀን አክስቴ ደውላ "ቅዳሜ አትልፊ፣ ትምህርትሽን አጥኚ" አለችኝ። ምስጢሯን ለጓደኛዋ ነግራ ነበር። የሴትዮዋን ባል፣ በሕይወት ሳሉ፣ ኢንሱሊን ይወጉ የነበሩት ራሳቸው ሴትዮዋ ናቸው፤ ስለዚህ ያውቃሉ ማለት ነው፤ መርፌውንም ከእኔ የተረከቡት እሳቸው ሆኑ። ያሉትን አክስቴ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ምንም ሳታፍር። "እጅ ይቀናል፣ አይቀናም። የዚች ልጅ እጅ ቀጭን ነው፤ ደግሞ ትፈራለች። የፈራ እጅ መድኃኒት አያስገባም።"

እጄ ቀጭን መሆኑ እውነት ነው። ካሳራኒ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት። የማጠናውን መጽሐፍ ከፍቼ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ አላውቅም።

ለፋሲካ ዋዜማ ግን ሳውዝ ሲ ቤቷ ተጠራሁ፤ የበዓል ሥራ ስለበዛ። ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ። አክስቴ ከምድጃው ሳትነሳ "ከኋላ ካለው ትልቁ ፍሪዘር በርበሬ አምጪልኝ፤ ከሥር ያለውን፣ የአዲስ አበባውን" አለችኝ። የናይሮቢ ሴቶች ከአገር ቤት የተላከላቸውን በርበሬ እንደሚይዙት ወርቅም አይያዝም፤ እንዳይነቅዝ፣ ጠረኑ እንዳይወጣ ፍሪዘር ሥር ይቀበራል። ከሥጋው በታች እጄን ሰድጄ ከረጢቱን ጎተትኩት። ከመጠኑ በላይ ይጎረብጣል። ፈታሁት። በርበሬው መሀል፣ በፌስታል ተጠቅልለው፣ እኔ በማቀዝቀዣው በር ላይ የደረደርኳቸው ሳጥኖች ነበሩ። አንዱ ተከፍቷል። እስክሪብቶውን አውጥቼ መስኮቱን አየሁ። ፈሳሹ ነጭ ድንጋይ ሆኗል።

ይዤው ማድ ቤት ገባሁ። ጣቶቼ በበርበሬ ቀልተዋል።

"አክስትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

ዞር ብላ አየችና መጀመሪያ በሩን ዘጋች። "ቀስ በይ! ሰው አለ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለው?"

"ከማኅበሩ ጀምሮ ነዋ። ሁሉም ማቀዝቀዣዬን ይከፍታል፤ ምን ላድርግ? በርበሬዬን ግን ማንም አይነካም።"

"በረዶ ሆኗል እኮ! በረዶ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው። ነርሷ ተናግራለች፣ እኔም ነግሬሻለሁ።"

"ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ አይደል የተባለው? ይኼ ደግሞ የበለጠ ቀዝቃዛ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት አውጥቼ አሟሟው የለ እንዴ?"

"አሟምተሽው ነው የሞተ ነገር የወጋሁሽ! ያ ሁሉ ቅዳሜ!"

"ብርድ ሥጋ እንኳ አያበላሽም፤ መድኃኒት ይገድላል?" አለች። ከዚያ ግን ማማሰያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁት። ወደ እግሯ ተመለከተች። ለቅጽበት ያህል የምትቀመጥ መሰለኝ፤ አልተቀመጠችም። "ለማንም እንዳትናገሪ" አለች። "ለሐኪሙም ቢሆን።"

ለሐኪሙ ተናገርኩ። ከበዓሉ በኋላ ሄደን፣ እሷ "ይኼን አትተርጉሚ" እያለችኝ፣ የሆነውን በሙሉ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። የቀሩት እስክሪብቶዎች እንዲጣሉ፣ መርፌው ከትንሹ መጠን እንደገና እንዲጀመር አዘዘ። ጣቷን አይቶ ግን ለቀዶ ሕክምና የሚያሻግር ወረቀት ጻፈ። ስንወጣ አክስቴ ደረጃው ላይ ቆማ "እንግሊዝኛ የተማርሽው እኔን ለማዋረድ ነው" አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጣቱ ግንቦት ላይ ተቆረጠ። ትንሿ ጣት ብቻ ናት፤ ሐኪሙ እንዳለው በጊዜ ስለተደረሰበት እግሯ ተርፏል። ይህን ለማጽናኛ ነበር የተናገረው።

ሆስፒታል የሾርባ ቴርሞስ ይዤ ስደርስ የማኅበሩ ሴቶች አልጋዋን ከበዋል። ፍራፍሬ፣ ጸበል፣ ብርድ ልብስ ሞልቷል። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ጓደኛዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ያስረዳሉ።

"ድሮም ያ መርፌ ነው። በልጅ እጅ መርፌ ይወጋል? እኔ ስረከባት እኮ ያለቀ ነገር ነበር።"

"ጤነኛ እግር!" አለች ሌላዋ። "በእግሯ ቆማ ስንቱን ስታበላ የኖረች!"

"ተማሪዋ ይቺ ናት እንዴ?"

"እሷ ናት።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔ አክስቴን አየኋት። እሷ ነበረች የምታውቀው። ከዚያ ክፍል ውስጥ ስለ በርበሬው ከረጢት የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ከእሷ የጠበቅሁት ትልቅ ነገር አልነበረም፤ "እሷ አይደለችም" የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ። እኔ ራሴ እንዳልናገር ምስጢሩ የእሷ ነው፤ ደግሞም ተኝታለች፣ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል።

አክስቴ ትራሷን አስተካከለች። "ተዉአት" አለች በደከመ ድምፅ። "ልጅ ናት። እጇ ካልቀና ምን ታድርግ? እኔ ይቅር ብያታለሁ።"

"አይ ልብ!" አሉ ጓደኛዋ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንዲህ ዓይነት ልብ ማን አለው?"

ቴርሞሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የሚወለውለው ሰውዬ ሲያየኝ "ፖሌ" አለኝ፤ በስዋሂሊ አይዞሽ እንደማለት ነው። የሞተብኝ መስሎት ይሆናል። ለእናቴ ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "እሷ ናት የታመመችው፤ አንቺ ደህና ነሽ። ምን ይጎድልብሻል?" አለችኝ።

ምን እንደጎደለብኝ ልነግራት ሞከርኩ። መስመሩ መጥፎ ነው አለችኝና ተዘጋ።

ሰኔ ላይ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ አንድ ቅዳሜ ሳውዝ ሲ ሄድኩ። ቁስሉን ማየት ስለፈለግኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሠራተኛዋ በሩን ከፈተችልኝ። አክስቴ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። መርፌው በእጇ ነው። እኔን አይታ ሥራዋን ቀጠለች። እጇን ታጥባ ነበር። አዲስ መርፌ ገጠመች። ወደ መስኮቱ አዙራ ፈሳሹን አየች። ቀሚሷን ገልጣ ከእምብርቷ ራቅ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ሳታዞር ወጋች፤ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች። መርፌዋን ነቅላ ጠንካራው ፕላስቲክ ውስጥ ጣለች፤ ክዳኑን ገጠመች። አንድም ነገር አልዘለለችም። እያንዳንዱ እኔ ከነርሷ አፍ ተቀብዬ በአማርኛ የነገርኳት ነው።

"ይኸው" አለች። "ለዚህ ነበር ተማሪ የሚያስፈልገው?"

"ጎበዝ ነሽ" አልኳት።

"ስኳሬ ወርዷል።"

"ደስ ብሎኛል።"

"ምሳ በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አልኩ። አልበላሁም ነበር። እሷም እንዳልበላሁ ታውቃለች፤ በድሮው ጊዜ ቢሆን፣ በግድ ታስቀምጠኝ ነበር። "እንግዲያው በጊዜ ሂጂ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው" አለች። ቁስሉን አላሳየችኝም፤ እኔም አሳዪኝ አላልኳትም። ፌርማታው ጋ ማታቱ እየጠበቅሁ ሰማዩን አየሁ። የዝናብ ምልክት አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። መዳኗን ከልቤ እፈልግ ነበር፤ ይህን የማያምን ካለ አልፈርድበትም፣ እኔም አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁና። ዳነች። የሰማሁት ግን ከእሷ አይደለም። እሷ ከሳውዝ ሲ አዲስ አበባ ለእናቴ ደውላ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ካሳራኒ ለእኔ ደውላ ነው የሰማሁት፤ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ገጥሟል፣ ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ ተፈትቷል፣ ከእንግዲህ ሐኪም ዘንድ ለእግሯ አትመላለስም። ቀኑ ነሐሴ 3፣ 2017 ዓ.ም. ነበር።